በባርትሊ ድርቆሽ ሥር የተገኙት እንቁላሎች

ሳቢና ታንሲ ከበረቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዘር ድንች ትቆርጣለች። ድንቹን በግራ እጇ እያገላበጠች ዓይኑን በአውራ ጣቷ ትፈልጋለች፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አንድ ዓይን እንዲደርሰው አድርጋ በቢላዋ ትከፍለዋለች። ዓይን ያልደረሰው ቁራጭ ለአሳማው ይጣላል። ጣቶቿ በድንቹ ውሃ ረጥበው ነጥተዋል። የመጋቢት ነፋስ ከረግረጉ በኩል ፊቷን ይገርፋታል፤ ቢሆንም ዘሩ ከስቅለት በፊት መሬት መግባት ስላለበት ቀና አላለችም።

ቀና ያደረጋት የቦቲ ጫማ ድምፅ ነው። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ባርትሊ ከካቡ ማዶ ቆሟል። ይህ ሰው ባሏ ማላኪ ከተቀበረ ወዲህ ግቢዋን ረግጦ አያውቅም። ዛሬም አልረገጠም። ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ሳህን በሁለት እጁ ይዞታል። ካቡ ላይ አስቀመጠውና ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ቆመ።

«እነዚህ የማን ናቸው?» አለ።

ሳቢና ቢላዋዋን እንደያዘች ተነሥታ አየች። ባርኔጣው ውስጥ ቡናማ እንቁላሎች አሉ። ግማታቸው ከሩቅ ይሰነፍጣል።

«የዶሮ ናቸዋ። ባርኔጣህን ምነው አበላሸኸው?»

«የማን ናቸው አልኩሽ።»

«የኔ ዶሮ ትሆናለች። ቡናማዋ ከቤት መጣል ካቆመች ከርማለች። ካብ እየዘለለች የት እንደምትሄድ ጠፍቶኝ ነበር።»

«ዶሮሽ ሽቦዬን አልፋ ነዋ ከድርቆሼ ሥር የጣለችው። ሣር አልብሳ። ደብቃ።»

«ሽቦውን ያጠርከው ለኔ ነው፤ ለዶሮ መቼ አጠርከው? ደግሞ የትኛዋ ዶሮ ናት ሳትደብቅ የምትጥለው?»

ባርትሊ አልሳቀም። በዚያ አገር በሰው ድርቆሽ ውስጥ የተደበቀ እንቁላል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። መተት ነው። እንቁላሉ ሲገማ የባለድርቆሹ ኑሮ አብሮ ይገማል፤ ላሙ ታስወርዳለች፣ ወተቱ ቢናጥ ቅቤ አይወጣውም፣ በረከቱ ተነሥቶ ወደ ደባቂው ቤት ይሄዳል።

«ሁለት ላሞቼ አስወርደዋል» አለ። «እኔ ደግሞ ሰማዩን ነበር የምወቅሰው። ለካ እዚሁ ካብ ማዶ ተቀምጠሽልኛል።»

«ላምህ ያስወረደችው ገብስ ሰስተህ ረግረግ ላይ ስላከረምካት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።»

«እሺ። ሰኞ ቡልዶዘር ይመጣል። ኖካንን ከመሬቱ ጋር እኩል አድርጌ አፈሩን ረግረጉ ላይ እደፋዋለሁ። ለመተትሽ መልሱ ይኸው ነው።»

ቢላዋው በእጇ ላይ ቀጥ አለ።

«እዚያ ማን እንዳለ ታውቃለህ» አለችው።

«አውቃለሁ። የቱ ጋ እንዳለ የማታውቂው አንቺ ነሽ።»

ባርኔጣውን ከነእንቁላሉ ካቡ ላይ ትቶት ሄደ።

ኖካን በባርትሊ መሬት መካከል ያለ ክብ ጉብታ ነው። ሣር ለብሷል፤ ከላዩ አንድ የጎበጠ እሾሃማ ዛፍ አለ። ክርስትና ከመግባቱ በፊት የነበሩ ሰዎች አለቆቻቸውን ቀብረውበታል ይባላል፤ የእነዚያን ሰዎች ስም ግን የሚያውቅ የለም። ከዛፉ ቅርንጫፍ የሚሰብር፣ ከጎኑ ድንጋይ የሚያነሣ አልነበረም። ይህን ሁሉም በግልጽ ያወራል። የማይወራው ሌላው ነገር ነው። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም ነበርና፣ የቤቱ ወንዶች በሣጥን አድርገው ጎሕ ሳይቀድ ወደ ኖካን ይወስዱታል። በላዩ ከእርሻው ያነሡትን ድንጋይ ያኖራሉ። ስም አይጻፍበትም። ለእናቲቱም ቦታውን አይነግሯትም፤ ካወቀች እግሯ መንገዱን ይለምደዋል፣ ከለመደው ከሐዘኗ አትነሣም ብለው ነው።

ሳቢናም አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። አዋላጇ የጥምቀቱን ውሃ አንሥታ ግንባሩ ላይ ሳታፈስ ትንፋሹ ቆመ። ማላኪ ሣጥኑን፣ ባርትሊ አካፋውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አላገኘችም። ማላኪን በጠየቀችው ቁጥር «ስናረጅ አብረን ሄደን አሳይሻለሁ» ይላት ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ቀን ያስተላልፍ ነበር። አንድ በጋ ድርቆሽ ሲከምር ልቡ ቀጥ አለችና ሳያረጅ፣ ሳያሳያትም ሞተ።

በቀብሩ ማግስት ሳቢናና ባርትሊ በውሃ ጉድጓዱ መንገድ ተጣሉ። ባርትሊ መንገዱ የአባቴ ነው አለ፤ ሳቢና ደግሞ አባትህ ያለ ውሃ አልኖሩም አለችው። ከቃል ወደ ሽቦ ሄዱ። ባርትሊ እርሻውን ዙሪያውን በእሾሃማ ሽቦ አጠረው፤ ጉብታውም ከውስጥ ቀረ። እንግዲህ ልጇ የት እንዳለ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይጠላታል። ሌላ እናት አንድ መቃብር ታያለች። ሳቢና በማጀቷ መስኮት ጉብታውን በሙሉ ታያለች። የትኛው ጎኑ የእሷ እንደሆነ አታውቅምና ዝናብ ሲጥል በሁሉም ጎኑ ይዘንብባታል።

ያን ሳምንት ጎረቤቷ ዊኒ ፌኒ ሻይ ልትጠጣ መጣች። ዊኒ ወሬ ይዛ ስትመጣ ስካርፏን አትፈታም፤ አሁንም አልፈታችም።

«ሰው ሁሉ ስለ እንቁላሉ ነው የሚያወራው» አለች።

«ዶሮዋ ናት ዊኒ።»

«እኔም እንደሱ ነው ያልኳቸው። ‹ዶሮዋንማ አናማትም፣ ባለቤቷን ነው እንጂ› አሉኝ።» ሻይዋን ፉት አለች። «ደግሞ ማሽን የሚነዳለት ከዚህ ሰበካ አጣ። ኖካንን ከምነካ እጄን ቢቆርጡኝ ይሻለኛል ብለውታል። ከወዲያኛው አውራጃ ፌስተስ የሚባል ሰው ነው ያመጣው። ምንም አይፈራም አሉ።»

«የማይፈራ ወንድ ወይ ሰካራም ነው ወይ ላጤ።»

«ሁለቱንም ነው አሉ።»

ሳቁ። ዊኒ ግን ስትወጣ ቆም ብላ፣ «ዶሮዋ ናት አይደል?» ስትል ደግማ ጠየቀቻት።

ሳቢና ወደ ካህኑ ሄደች። አባ ላቬል የሮዝ አበባቸውን ሲገርዙ አገኘቻቸው። መቀሱን ሳያስቀምጡ ሰሟት።

«መሬቱ የሱ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ሕፃናቱን እንደሆነ እግዚአብሔር የትም ያገኛቸዋል።»

«እሱማ ያገኛቸዋል፣ አባ። ያላገኘሁት እኔ ነኝ።»

ቤተ ክርስቲያኒቱ ያኔ ያላስጠጋችውን ልጅ ዛሬ ልትከራከርለት እንዴት ይቻላታል? አባ ላቬል አንዲት ጽጌረዳ ቆርጠው ሰጧት። መንገድ ላይ ጣለቻት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ከቅጥሩ በር ቆመው ትንባሆ ሲያጨሱ ሳቢና ቀጥ ብላ ወደ ባርትሊ ሄደች። ወሬው ቀጥ አለ።

«አፍርስ» አለችው። «መሬትህ ነው፣ አልከለክልህም። ድንጋዩን ብቻ አሳየኝ። ዛሬውኑ በእጄ አወጣዋለሁ፤ ሌላ ቦታ አሳርፈዋለሁ።»

ባርትሊ ትንባሆውን በጫማው ጨፈለቀ።

«ለምን ትቸኩያለሽ? ማክሰኞ ፈልጊው። ያኔ አፈሩ ልስልስ ይላል።»

አንዳንዱ ወንድ መሬት መሬቱን አየ። አንዱ ሳል የመሰለ ነገር አሰማ። «ኧረ ተው ባርትሊ» የሚል ግን አልተገኘም። ሳቢና ዞራ ሄደች። ከዚያ በፊት ባርትሊን ትጠላው ነበር። ያን ዕለት ጥላቻዋ እንደ ሥራ መሣሪያ እጇ ውስጥ ገባ፤ ምን እንደምትሠራበት ግን ገና አላወቀችም።

ሰኞ ጠዋት ቡልዶዘሩ ጭቃውን እያቦካ መጣ። «እጄን ቢቆርጡኝ ይሻለኛል» ያሉት ወንዶች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ካቡ ላይ ተደርድረዋል፤ መንካት እንጂ ማየት አያስቀስፍም። ዊኒም በሩ ጋ ቆማለች። ሳቢና እስኪነጋ አልጠበቀችም፤ ቀሚሷን ሽቦው እየቦጨቀው ገብታ ጉብታው ወገብ ላይ ቆማለች። ከተቀበረው ልጇ ጋር አንድ አፈር ላይ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው።

ፌስተስ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ቀይ ፊት ያለው ወፍራም ሰው ነው።

«እናቴ፣ ከዚያ ይውረዱ። ይሄ ማሽን ጆሮ የለውም።»

«አንተስ አለህ?»

«አንድ አለኝ። ሌላውን ማሽኑ በልቶታል።»

ካቡ ላይ ያሉት ሳቁ።

«ጎትተህ አውርዳት» አለ ባርትሊ።

«አፈር ግፋ ነው ያልከኝ። ሴት ጎትት አላልከኝም።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ንዳ፤ ስታየው ራሷ ትወርዳለች።»

ሳቢና በዚህ ጊዜ ማሽኑን አልነበረም የምታየው። ዓይኗ ባርትሊ ላይ ነበር። ኮቱን ገልብጦ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጎ ለብሶታል፤ ክፉ ነገር ሰውን እንዳያውቀው የሚደረግ የአሮጊቶች ዘዴ ነው። ከኪሱ የጠበል ጠርሙስ አንገት ብቅ ብሏል። በሩቅ የሚታዩት ላሞቹ ጭራቸው ላይ ቀይ ክር ታስሮባቸዋል። ቡልዶዘሩም ከመንገዱ ቀጥታ መምጣት ሲችል በድርቆሹ ክምር በኩል እንዳያልፍ በእርሻው ዙሪያ አስዙሮታል፤ የሰንሰለቱ ዱካ ጭቃው ላይ ይታያል። ጉብታውን አይፈራም፤ ሙታኑን አይፈራም፤ እግዚአብሔርንም የሚፈራ አይመስልም። እንቁላሉን ግን እስከ አጥንቱ ይፈራል።

እውነቱን ለባርትሊ፣ ለዊኒና ለሰበካው ሁሉ ተናግራ ነበር። የተቀበላት አልነበረም። ሰው የማይቀበለውን እውነት ተሸክማ እዚህ ጉብታ ላይ ብትቆም ማሽኑ አይቆምላትም።

«ባርትሊ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እንቁላሎቹን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።»

ፌስተስ በደንብ ለመስማት ሞተሩን አጠፋ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ አልኩህ። ያገኘኸው ከፊሎቹን ብቻ ነው። ሌሎቹን አላገኘህም።»

ካቡ ላይ ካሉት አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። ሳቢና ወደ በሩ አየች። ዊኒ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳቢና ይህን ያወቀችው የዊኒን ፊት ስታይ ነው። ቢሆንም አልተመለሰችም።

«ሌሎቹ የት ናቸው?» አለ ባርትሊ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ልጄ የት ነው?»

«አንቺ ሰይጣን።»

«ልክ ነህ። አሁን ሰይጣኗን አሳያት።»

ባርትሊ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ሰዎቹ ሰማዩን፣ ጫማቸውን፣ ማሽኑን ያያሉ። ፌስተስ ሲጋራ ለኮሰ።

«እኔን ብትጠይቀኝ አሳያታለሁ» አለ። «በኛ አገር ያሉት ሴቶች ከዚህች ጋር ሲተያዩ በጎች ናቸው።»

ባርትሊ ጠበሉን ከኪሱ አውጥቶ ጫማው ላይ ረጨና ጉብታውን ወጣ። በምሥራቅ በኩል፣ ከዛፉ በታች ቆሞ ረጅሙን ሣር በዱላው ገለጠው። ትንንሽ ድንጋዮች ነበሩ፤ እንደተኙ ጠቦቶች እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብለዋል። አንደኛውን በዱላው ነካ።

«ይሄ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቆፋሪው እኔ ነኝ። ማላኪ ሣጥኑን ከእጁ አላወርድ ብሎ ነበር።»

ሳቢና ተንበርክካ ድንጋዩን ዳሰሰችው። ጠፍጣፋ ነው፤ ሽበት ወርሶታል፤ እንደማንኛውም የእርሻ ድንጋይ ነው። አላለቀሰችም፤ በዚያ ሰው ፊት አታለቅስም።

«ከሱ ወዲያ ያሉት ደግሞ የእናቴ ናቸው» አለ ባርትሊ በቁጣ። «ያንቺ ብቻ መስሎሽ ነበር?»

«የእናትህን ልጆች ነው ልትደፋ የነበረው?»

«ሣጥናቸውን የተሸከምኩት በምን ዕድሜዬ ነው? ወገቤ ገና ሳይጠና። በጨለማ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይህን ጉብታ እያየሁ ነው የማርሰው። አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አፉን ጠረገ። «ቃልሽን ጠብቂ። እንቁላሎቹን አውጪ።»

ሳቢና ለአፍታ እውነቱን ልትነግረው ከጅሏት ነበር። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ስሟን ከጭቃ ማውጣት ትችላለች። ግን እንቁላል እንደሌለ ባወቀ በዚያው ቅጽበት ፌስተስን «ሞተሩን አስነሣ» እንደሚለው ደግሞ አወቀች። ድንጋዩን ለቃ ተነሣች። ወደ ድርቆሹ ሄዳ ከክምሩ ጀርባ ቆየች። ስትመለስ ሽርጧ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ነው። አንድ እፍኝ ድርቆሽ ነበረበት። ባርትሊ ላየው ብሎ አልተጠጋም፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ እንጂ።

«እነዚህ እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ» አለችው። «ኖካን እስካለ ድረስ አይሠሩም። አንድ አካፋ አፈር ከተነሣ ግን ወደ ድርቆሽህ ይመለሳሉ። አንተ ብትሞት ለወራሽህ ይሠራሉ።»

ፌስተስ ማሽኑን አዙሮ ሄደ።

በቀጣዩ እሑድ ሳቢና በተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። አባ ላቬል ስም ሳይጠሩ ስለ አረመኔ ልማድ ሰበኩ። ባለሱቁ እንቁላሏን በስኳርና በሻይ መለወጥ አቆመ፤ ቅርጫቷን ሲያይ ሚስቱን ይጠራና ከጓዳ ይገባል። በመንገድ ላይ ከመሪው አንድ ጣት አንሥቶ ሰላምታ የማይሰጥ ባለመኪና በማይታወቅበት አገር፣ እሷን ሲያዩ ጣቶች ሁሉ መሪው ላይ ይጣበቃሉ። ዊኒም ቀረች። አንድ ጊዜ ካቡ ጋ ስታገኛት፣ «እኔ እኮ ዶሮዋ ናት እያልኩ ስሟገትልሽ ነበር፤ አዋረድሽኝ» አለቻት። ሳቢና እውነቱን ልትነግራት ብላ ተወችው። ዊኒ ጥሩ ሴት ናት፤ ምሥጢር ግን ከማታ በፊት ያልቅባታል።

ለፋሲካ ንስሐ ገባች። «መተት ሠርቻለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ፤ አልሠራሁም» አለች።

ከመናዘዣው መስኮት ወዲያ አባ ላቬል ወደ ፍርግርጉ ተጠጉ። «ልጄ፣ እዚህ እንኳ ትዋሻለሽ?» አሉ።

ባርትሊ ሽቦውን በአንድ በኩል ቆርጦ ክፍት ተወው። ደግነት አልነበረም፤ ስትገባና ስትወጣ ልብሷ አጥሩን እንዳይነካበት ብሎ ነው። ሳቢና በዚያ በኩል ትገባለች፤ ሣሩን ታጭዳለች፤ የሷን ብቻ አይደለም፣ የባርትሊ እናት ልጆች ያሉበትንም ታጭዳለች። ለልጇ ስም አውጥታለታለች። ስሙን ለሰው አልነገረችም። ባርትሊ ከበረቱ ሆኖ ሲያያት ምራቁን ይተፋል፤ እሷም ትሰማዋለች። እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በቀብሩ ዕለት ሰዎቹ ሣጥኑን በእሷ ደጅ በኩል ላለማሳለፍ በረዥሙ መንገድ ዞሩ።

አሁን መሬቱ የእህቱ ልጅ ነው። ጎልማሳ ነው፣ ተምሯል፣ ባርትሊ ካስመጣው የሚበልጥ ማሽን አለው። በመጠጥ ቤቱ ሲጠይቁት «የአሮጊት ተረት» ይላል። ሲያርስ ግን ከኖካን ራቅ ብሎ ይዞራል። ሳቢና በማጀቷ መስኮት አጮልቃ ታየዋለች፤ የሚዞርበትን ስፋት በየዓመቱ በዓይኗ ትለካለች፤ ዘንድሮ ትንሽ ጠብቧል።

እሷ ዕድሜዋ ገፍቷል። ይህ ሁሉ እንዲጻፍ የፈቀደችው እዚያ ሰበካ በማይነበብ ቋንቋ ስለሆነ ነው፤ ከሚያነበውም ሰው አንድ ነገር ትለምናለች። ምናልባት እግር ጥሏችሁ በዚያ በኩል ብታልፉና፣ ከመጠጥ ቤቱ ወይም ከቅጥሩ በር አንድ ሰው «እውን ሴትየዋ መተተኛ ነበረች?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ለስሟ አትሟገቱላት። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና «አዎ፣ ነበረች፤ አሁንም ናት» በሉት።